ጠያቂም ተጠያቂም፦ ወረዳ እያስተዳደርኩ በክልል ምክር ቤት የተቀመጥኩባቸው ዓመታት

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ደወለልኝ። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ አንድ ወረዳ ላይ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። «ጋሼ፣ ለክልል ምክር ቤት ተወዳደር እያሉኝ ነው። የወረዳ ሥራዬን ሳልለቅ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እችላለሁ?» አለኝ። «ትችላለህ፣ እኛም ይዘነው ነበር» አልኩትና ተሰነባበትን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገርኩት። የቀረውን እዚህ ልጻፍለት። ሌላም የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም።

እኔ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ከወረዳችን ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ወደ ሕዝብ ሥራ ያስገባኝ ግን ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ቅሬ ቀብር ብቻ አይደለም። የተጣላ ይታረቅበታል፣ ቤቱ የተቃጠለበት ይሠራለታል፣ በሬው የሞተበት ይታገዛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ፊደል ስለቆጠርኩ ጸሐፊ አደረጉኝና አራት ዓመት መዝገቡን ያዝኩ። ማን ከቀብር ቀረ፣ ማን መዋጮ አጎደለ፣ እሱን እመዘግባለሁ። አንድ ቀን የቅሬው ዳኛ መዝገቡን አስነብበውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ የቀረውን ሰው ብቻ አትጻፍ። ለምን እንደቀረም ጻፍ። እኛ የምንፈርደው በምክንያቱ ነው።» ይህን ቃል ያኔ እንደ ቀላል ነገር ነበር የሰማሁት። ዋጋውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ቀበሌዬን ወክዬ ለወረዳ ምክር ቤት ተመረጥኩ፤ ወዲያው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ ካቢኔ ገባሁ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ለአማራ ክልል ምክር ቤት ተመረጥኩ። ከ2005 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት ዋና አስተዳዳሪ አደረገኝ። በ2007 ዓ.ም. ለክልሉ ድጋሚ ተመረጥኩ። ከአስተዳዳሪነት በ2010 ዓ.ም. ወረድኩ፤ የክልል ወንበሩ ግን በኮሮና ምክንያት ምርጫው ስለተራዘመ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ አብሮኝ ቆየ።

ሁለቱን ስይዝ አጎቴ እጄን ይዞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው፤ ጎሽ!» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። ዘመድ አዝማዱም፣ ባልደረባውም እንዲሁ ነበር የሚያየው፤ የሹመት ዋስትና። እኔም ለተወሰነ ጊዜ እንደዚያ ሳላይ አልቀረሁም።

የክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ሰብሰብ የሚለው ለጥቂት ቀን ነው፤ የቀረውን ጊዜ አባሉ በየአገሩ ነው። አዋጅ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የክረምቱ ጉባኤ ሁልጊዜ የበጀት ነው። ከደሴ ባሕር ዳር መንገዱ በወልድያ ነው፤ ከዚያ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ላይ ይወጣል። ሐምሌ ላይ ጋሸናን በጉም ውስጥ ያለፈ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተን ሲመሽ እንገባለን።

የወረዳውን ላንድክሩዘር ይዤ የሄድኩት መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ፣ እኔ ባሕር ዳር እያለሁ፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ መጣች። አምቡላንሱ ጋራዥ ነበር፤ የአስተዳዳሪው መኪና ደግሞ ባሕር ዳር የሆቴል ግቢ ቆሟል። ልጅቷ በሰው ፒክአፕ ደሴ ደርሳ በሰላም ተገላገለች፤ አላህ ረዳት። ከዚያ ወዲህ በአባዱላ ወልድያ፣ ከወልድያ በአውቶቡስ ነው የተመላለስኩት። አበልም ከሁለቱ ባንዱ ብቻ ነው የምቀበለው፤ ምክር ቤቱ ከከፈለኝ የወረዳውን አልፈርምም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት አገሩን ምን ያህል እንደጎዳው እኔ በቅርብ አይቻለሁ፤ ይህን ልጅም አደራ የምለው መጀመሪያ ይህን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምክር ቤት ውስጥ ያነሳሁት ጥያቄ ሁሉ የወረዳዬ ነበር። መንገድ፣ ትራንስፎርመር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበርን። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ ለግንባታ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ማይክ ሲደርስህ የምትለምነው ለቤትህ ነው። ልመናው ነውር የለበትም። ግን አንድ ቀን ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ በእነዚያ ሁለት ዓመታት እጄን ካነሳሁባቸው አዋጆች ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩትን ስቆጥር አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሌላውን የደገፍኩት ማብራሪያውን ሰምቼ ነው። መምህር ሆኜ ተማሪዬ መልመጃውን ሳያይ መልስ ቢጽፍ የምቆጣ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ደብተር ገዛሁ። በአንዱ ላይ ባሕር ዳር ድምፅ የሰጠሁበትን አንቀጽ እጽፋለሁ፤ በሌላው ላይ ያው አንቀጽ ቀበሌ ላይ ምን እንደሠራ። ሁለቱን ወንበሮች አንድ ላይ መያዝ ጥቅም አለው ከተባለ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሕጉ ሲወጣም መሬት ሲወርድም ያው ሰው እዚያ አለ።

በደንብ የገባኝ በመሬት ጉዳይ ነው። ክልላችን የገጠር መሬት አዋጁን አሻሽሎ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 252 አድርጎ አወጣው። ከእሱ በፊት የነበረው የ1998ቱ አዋጅ ቁጥር 133 ነው። ውይይቱ ላይ ስለ መሬት ኪራይ የተነሳው ነገር ቶሎ ነው ያለፈው፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ማንም የሚቃወመው አይደለም። እጄን አነሳሁ፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከተመለስኩ ሳምንት ሳይሞላ፣ የገበያ ቀን፣ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። በገበያ ቀን በር አልዘጋም ነበር። ከጉያቸው አንድ ጥቅል አወጡ። መጀመሪያ ነጠላ፣ ከነጠላው ውስጥ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር። ገልጠው ፊቴ ላይ አስቀመጡት። የእሳቸውም የባላቸውም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የሰውየው ፊት ላይ ብዙ ጊዜ በጣት ስለተዳሰሰ ነጣ ብሏል። «ይሄ ሙቶብኛል» አሉኝ ጣታቸውን አሳርፈው። ሰውየው ከሞቱ ጀምሮ ማሳውን ለጎረቤት በእኩል፣ ምርቱን ሊካፈሉ፣ ሰጥተዋል። ዘጠኝ ዓመት። ወረቀት የላቸውም፣ ምስክር የላቸውም። ዘንድሮ ጎረቤትየው በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ተከለ። ገበሬ ባሕር ዛፍ ከተከለ ምን ማለቱ እንደሆነ ወሎ ውስጥ ማንም አይስተውም፤ ልቆይበት ነው ማለት ነው። «አንተ ልጄ፣ ደብተሩ የኔ፣ ዛፉ የሱ ከሆነ መሬቱ የማን ነው?» አሉኝ።

ባሕር ዳር ይህ ነገር ያለፈው በደቂቃዎች ነው። «በጽሑፍ ይሁን» የሚለው ሕግ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ በቀድሞውም ነበረ። ሕጉ ነበረ፣ ሴትዮዋ ጋ ግን አልደረሰም። አባል ብቻ ብሆን ኖሮ «በሚቀጥለው ጉባኤ አነሳለሁ» ከማለት ሌላ ምን እል ነበር? አስተዳዳሪ ስለሆንኩ በዚያው ሳምንት የቀበሌ ሊቀመንበሮችንና የመሬት ኮሚቴዎችን ጠራሁ። ከክረምት እርሻ በፊት በእኩል የተያዘ መሬት ሁሉ በሁለት ምስክር ወረቀት ላይ ይስፈር አልናቸው፤ ማስታወቂያውም በቅሬና በገበያ ተነገረ። የሴትዮዋን ነገር ሽማግሌ ያዘው። ጎረቤትየውም መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ዘጠኝ ዓመት ላቡን ያፈሰሰበት መሬት ነው። ዛፉ እስኪደርስ ይቆይ፣ ሲቆረጥ ግማሹ ለእሳቸው፣ ዳግመኛ ግን አይተከል ተባለ፤ ውሉም ተጻፈ። የእሳቸው ጣት አሻራ ያለበትን ቅጂ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ቀለሙ በዝቶ ወደ ጎን ፈሷል።

ለምን ጥሩውን አስቀደምኩ? የሚቀጥለውን ስናገር ይህም እንዳለ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጊዜው ከመሬቱ ነገር ይቀድማል፤ 2006 ዓ.ም. ነው። ከምክር ቤቱ የአንዱ ቋሚ ኮሚቴ አባላት ለመስክ ምልከታ ወደ እኛ ወረዳ መጡ። እነሱ ባልደረቦቼ ናቸው፤ ጉባኤ ላይ አብረን እንቀመጣለን፤ በሻይ ሰዓት እንጨዋወታለን። አሁን ግን እነሱ ተቆጣጣሪ፣ እኔ ተቆጣጣሪው የመጣበት። ደግሼ ተቀበልኳቸው። ሪፖርቴን አቀረብኩ፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት 14 የውኃ ተቋማት ተሠርተው ለአገልግሎት በቅተዋል ይላል። ፊርማዬ አለበት። ከዚያ መንገድ ዳር ያለውን አንዱን ላሳያቸው መኪና አስነሳሁ።

ከመካከላቸው አንዲት እህት ነበረች፤ ከሌላ ዞን የመጣች፣ ዝምተኛ። ሪፖርቱን ገልጣ ዝርዝሩ ላይ ዘጠነኛውን በጣቷ ነካችና «እኔ ይሄን ነው ማየት የምፈልገው» አለች። ሩቅ እንደሆነ ነገርናት። «ከባለቤቶቹ አይርቅም» አለችን። ሁለት ሰዓት ተጓዝን።

የእሾህ አጥሩ ተረግጧል። የሲሚንቶው ወለል መሐሉ ተሰንጥቆ በስንጥቁ ሣር በቅሏል። ሣሩ ደረቅ ነው። ቁልፉ ዝጓል፤ ግን አልተቆለፈም፤ ማን ይሰርቀዋል? እህታችን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የፓምፑን እጀታ ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እስከ አሥር ቆጠርኩ። ከውስጥ የሚወጣው አየር ብቻ ነው፤ አሮጌ ሰው ሲተነፍስ ዓይነት ድምፅ። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝላ ወደ ወንዙ ስትወርድ አየን። እህታችን ጠራቻት። «መቼ ነው የቆመው የኔ እናት?» ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ ታውቀኛለች፤ የቀድሞ ተማሪዬ እህት ናት። ከዚያ ቀስ ብላ «ከባለፈው ረመዳን በፊት» አለች። ዓመት ሊሞላው ነው።

በመመለሻችን ማንም አልተናገረም። ቢሮ ገብቼ ፋይሉን አስወጣሁ። ቀበሌው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፏል። ጎማው ተበልቷል፣ መለዋወጫ ይላክልን ይላል። ሦስቱም ደብዳቤ በሥነ ሥርዓት ታትሞበት፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል። አንዱ ላይ «ይታይ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

እንዴት ሆነ? ማንም ሆን ብሎ የዋሸ የለም። ተቋሙ ሲሠራ ተቆጥሯል፤ ሲበላሽ የሚቀንሰው የለም። ቀበሌ ለጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ለእኔ፣ እኔ ለዞን፣ ዞን ለክልል። የእኛ ሪፖርት መደመር እንጂ መቀነስ አልተማረም። የቅሬው ዳኛ ቃል ትዝ ያለኝ ያን ማታ ነው፤ እኔ አስተዳዳሪ ሆኜ የቀረውን እንኳ አልጻፍኩም፤ የመጣውን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ያቺ እህት ባትመጣ ኖሮ፣ የዚያ ውኃ ቁጥር ባሕር ዳር ሲቀርብ የሚሰማው ማን ነበር? እኔ። ክልሉ በንጹሕ ውኃ ሽፋን ይህን ያህል ደረሰ ሲባል ከ294ቱ አንዱ ሆኜ የማጸድቀው እኔ። የፈረምኩትን ራሴ መርምሬ ራሴ ልቀበል። የወረዳዬ ሕዝብ ወደ ምክር ቤት የላከኝ እንደ እኔ ያለውን ሰው እንድጠይቅለት ነው፤ ያን ሰው ግን አብሬው እተኛለሁ፣ አብሬው እነሳለሁ። ሁለት ባላ የተባለው ይህ ነው? ሕዝቡ ሁለት ባላ አጣ፤ አንዱ እንጨት ነው ሁለት ቦታ የተተከለው።

በሚቀጥለው ጉባኤ የኮሚቴው ሪፖርት ሲነበብ የወረዳው ስም አልተጠራም፤ «በአንዳንድ ወረዳዎች» ተባለ። እጄን አነሳሁና የእኔ ወረዳ መሆኑን ተናገርኩ። ከ14ቱ አምስቱ እንደማይሠሩ፣ ሁሉንም ዞረን እንዳየን፣ ስንቱን እንደጠገንን አስረዳሁ። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አንዳንዱ ጓደኛዬ በኋላ «ምን አስቸኮለህ?» ብሎኛል። ከእኔ ቀጥሎ ግን ሌላ አስተዳዳሪ ተነስቶ ስለ ራሱ ወረዳ ጤና ኬላ ተናገረ። የዚያን ቀን ጉባኤ አልረሳውም።

በወረዳችን ሪፖርት ቅጽ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመርን፤ «አሁን ውኃ ይሰጣል?» እና «በዓይን የታየበት ቀን»። በየተቋሙ የውኃ ኮሚቴ ሲቋቋም ገንዘብ ያዧ ሴት ትሁን አልን፤ ውኃ ሲጠፋ ወንዝ የምትወርደው እሷ ናት። የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤንም ለምኜ እኔን የሚመለከት የኦዲት ነገር ሲኖር እኔ ከአዳራሽ እንድወጣ ልማድ አደረግነው። ባሕር ዳርም የወረዳዎች አፈጻጸም ሲገመገም ማብራሪያ እንድሰጥ ካልተጠየቅኩ ማይክ አልወስድም ነበር።

2008 ዓ.ም. ሌላ ፈተና ነው። የ2007ቱ ክረምት ከዳን፤ በልጉም ቀድሞ ከድቶን ነበር። በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ነው የተባለበት ዓመት ነው። ወሎ ውስጥ የ1966ቱንና የ1977ቱን ያየ ሽማግሌ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ እኛ ከቀበሌ የሰበሰብነው ስም ግን ከመጣልን ኮታ ይበልጣል። ማን ይቀነስ? ዝርዝሩን በዝግ ቢሮ አልቀንስም አልኩ። በየቀበሌው ሕዝብ ፊት ስሙ እየተነበበ፣ «የእኔ ይውጣና የእከሊት ይግባ» እያለ ራሱ ለየ። አንድ አባት «አንቱ ልጄ፣ እኔ ከተማ ያለ ልጅ አለኝ፤ ስሜን ፋቁ» ሲሉኝ ሕዝቡ ፊት አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሕዝብ የወከለ ሰው ግማሽ ሥራ ሊሠራለት አይገባም።

ቤቴን በድዬዋለሁ። ትልቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል ስትፈተን እኔ ጉባኤ ነበርኩ፤ ትንሹ ሲታመምም እንዲሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ቡና አፍልታ ቶናው ላይ ስንደርስ «ሦስተኛ ወንበርህ እዚህ ቤት ነው፤ ባዶውን ነው የሚውል» አለችኝ። በ2010 ዓ.ም. ከአስተዳዳሪነት ስወርድ ካስደሰቱኝ ነገሮች አንዱ ከልጆቼ ጋር እራት መብላቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አባል ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰው መምጣት አቆመ። ማኅተም የለኝም፤ ምን ላደርግለት? ገበያ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጬ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ዓይነት ሰው መምጣት ጀመረ፤ አስተዳዳሪ በነበርኩ ጊዜ የሚፈራኝ። ጤና ባለሙያው፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው፣ መምህሩ፤ ሪፖርት ላይ የማይጻፈውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከስምንት ዓመት ይልቅ በዚያ ሦስት ዓመት የጠየቅሁት ጥያቄ የተሻለ ነበር ብዬ ደፍሬ እናገራለሁ። ከሁለቱ አንዱን ማስቀደም ካለብህ፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወረዳውን ጨርስ። ከዚያ ስትሄድ የትኛውን መስመር በጣት እንደምትነካ ታውቀዋለህ። የግድ አንድ ላይ ያዝ ካሉህ ደግሞ ያቺን እህት የመሰለ ሰው በደጅህ ሲመጣ አትደግስለት፤ ሩቁን አሳየው።

ሁለተኛው ደብተሬ ላይ ያልተመለሱ ጥያቄዎችን ለብቻ እጽፍ ነበር፤ ሃያ ሦስት ናቸው። አሥራ ዘጠኙ አጠገብ ቀንና መልስ አለ። የቀሩት አራቱ ከዚያ ከደወለልኝ ልጅ ወረዳ ጋር የሚዋሰኑ ቀበሌዎች ጥያቄ ናቸው፤ አንዱ ድልድይ፣ አንዱ የወሰን ግጦሽ፣ ሁለቱ ውኃ። ማክሰኞ ዕለት ደሴ መናኸሪያ ወርጄ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ለአባዱላ ሹፌር ሰጠሁት። ማታ ልጁ ደርሶኛል ብሎ ደወለ። ድልድዩ የትኛው ወንዝ ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።